ሁለት ቤት ያደረ ድምፅ

ኪፕሮኖ ስልኩን ከሻይ ብርጭቆዬ ጋር አስደግፎ አቆመውና "ማዘር፣ የዛሬው ሂሳብ ያንቺ ነው" አለኝ። ከክፍላችን በዕድሜ ትልቋ እኔ ስለሆንኩ ማዘር ነው የሚለኝ። እሱ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነው፤ ከኤልዶሬት የመጣ፣ ረጅም፣ ቁም ነገርና ቀልድ በአንድ አፍ የሚያወራ ልጅ። "ታዋቂ ሆነሻል። ፈረንጆቹ ሥራሽን ለዓለም በትነውልሻል።"

"የትኞቹ ፈረንጆች?"

"ያንቺዎቹ ናቸዋ! ፊንላንዶቹ።"

ስልኩን ነካ ሲያደርገው የሴት ድምፅ ወጣ። ወፈር ያለ፣ መጨረሻው ላይ ሰንጠቅ የሚል ድምፅ ነው። "ሙቲንዳን የገጨውን መኪና ማን ይነዳው እንደነበር አውቃለሁ። ሰውዬው ቁርሱን እኔ ቤት ነው የሚበላው። በማግስቱም መጥቶ በላ።"

የያዝኩትን ማንዳዚ፣ የተጠበሰውን ሊጥ፣ ሳህኑ ላይ መለስኩት። ያ ድምፅ እንደዚያ መሆን አልነበረበትም።

"እንዴት ጥርት ብሏል!" አለ ኪፕሮኖ። "ያኔ ስታሰሚኝ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ አልነበር እንዴ?"

"የት አገኘኸው?"

"መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ገጽ ላይ ወጣ። ከዚያ የኛዎቹ ቆርጠው ወሰዱት። አሁንማ በየሰዉ ስልክ ነው ያለው። ምን ሆንሽ? ማዘር?"

የምንማረው በአንድ ጊዜ ሁለት ዲግሪ የሚያሰጥ ትምህርት ነው፤ ሚዲያ፣ ኮሙኒኬሽንና ኢኖቬሽን። አንዱን ዓመት ናይሮቢ፣ አንዱን ዓመት ፊንላንድ እንማራለን፤ በመጨረሻም አንድ የመመረቂያ ሥራ ለሁለቱም እናስገባለን። ሥራው አንድ ነው፤ የሚገባበት ደጅ ግን ሁለት ነው፤ የየደጁም ሕግ ለየቅል ነው። ናይሮቢ የገባ ሥራ ጥቁር ልባስ ለብሶ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል። ላንብብ ያለ ሰው እንኳ ፊርማ ሲያሳድድ ይከርማል። ለፈታኝ ብቻ የተሰጠ ነገርማ ከፈታኙ ክፍል አይወጣም። ፊንላንድ ደግሞ ዕውቀት የሕዝብ ነው ብለው ከልባቸው የሚያምኑ ሰዎች ናቸው። ፈታኙ ሥራውን በተቀበለበት ቅጽበት፣ ተማሪው አስቀድሞ ዝጉልኝ ካላለ በቀር፣ ከነአባሪው ለዓለም ይከፈታል።

አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። ፊንላንድ በነበርኩበት ዓመት የሌሎችን ሥራ እንደዚያው ተከፍቶ ሳነብ ነው የከረምኩት። የራሴን ሳስገባ ግን እንደ ናይሮቢ ልጅ አስገባሁት። ተናጋሪዋ እንዳትታወቅ የለወጥኩትን ድምፅ ለሕዝብ፣ ጥሬውን ደግሞ ፈታኟ እንድታመሳክረው በአባሪው አስቀመጥኩ። ፈታኝ ዘንድ የገባ ነገር ተቆለፈበት ማለት ነው ብዬ።

ሥራዬ የድምፅ ካርታ ነው። ኪሉሉኒ የሚባለውን ደረቅ ወንዝ ከላይ እስከ ታች ያሳያል፤ ነጥብ ሲነኩ በዚያ ቦታ የሚኖር ሰው ስለ አሸዋው ሲናገር ይሰማል። በኛ በካምባዎች አገር ውሃ የሚገኘው ከወንዙ አሸዋ ሥር ነው። አሸዋው በገልባጭ መኪና ተጭኖ ለናይሮቢ ፎቅ ሲሄድ ውሃውም አብሮ ይሄዳል። ሙቲንዳ የውሃ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ነበር። መኪኖቹን አላሳልፍም ብሎ መንገድ ላይ ቆመ፤ አንድ ቀን ተገጭቶ ተገኘ። አደጋ ነው ተባለ። ያየችው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ንዱኩ።

የንዱኩ ነጥብ ድልድዩ አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ላይ ነው። በድልድዩ አካባቢ ሌላ ሻይ ቤት የለም። ነጥቡ ባይኖርም ድምፁ ይበቃ ነበር፤ በየማለዳው ከደጅዋ ቆማ "ቻፓቲ ወጣ! ቦሎቄው ሳይበርድ!" እያለች ጫኚዎቹንና ሹፌሮቹን የምትጠራ እሷ ናት። በዚያ መንገድ ላይ ያንን ድምፅ ሰምቶ ያልበላ ሰው የለም።

ድምፅ መለወጥን ያስተማረኝ ባሌ ኪያሎ ነው። የሬዲዮ ድምፅ ባለሙያ ነበር። ካረፈ ቆየ፤ ስለ እሱ እዚህ ላይ ሌላ የምለው የለኝም።

ንዱኩ ጋ ደወልኩ፤ ተዘግቷል። ደግሜ ደወልኩ። የስልኳን ባትሪ የምታስሞላው ገበያ ያለ ሱቅ አስቀምጣ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ዝግ ነው፤ ይህንን ለራሴ እየነገርኩ ደግሜ ደወልኩ።

"ፈታኟ ፕሮፌሰር ጋ ጻፊላታ" አለ ኪፕሮኖ። ነገሩ ገብቶት ፊቱ ተለውጧል። "ትዘጋዋለች።"

"ጻፍኩላት። እሷ አይደለችም የመለሰችው፤ 'በበዓል ላይ ነኝ' የሚለው ማሽኑ ነው። ዛሬ የበጋቸው እኩሌታ በዓል ነው። ሰው ሁሉ ሐይቅ ዳር ጎጆው ገብቷል። ስልክ አያነሱም፤ እንዲያውም ይኮሩበታል።"

"አገር እንዳለ ተቆልፎ ይሄዳል?"

"ይሄዳል።"

"እኛ ጋ እኮ በገና እንኳን አንድ ዘበኛ አይጠፋም!"

በእጄ የነበረው አንድ መንገድ ብቻ ነው። ወደ ማስገቢያው ገጽ ስገባ ከሥራዬ ሥር "ሥራዬን አንሳልኝ" የሚል ቁልፍ አለ። ኪፕሮኖ ትከሻዬ ላይ አጎንብሶ ከሥሩ ያለውን ማስጠንቀቂያ ጮክ ብሎ አነበበው። "የተነሳ ሥራ ነጥቡ ይሰረዛል። የጥምር ዲግሪው መብትም አብሮ ይቀራል... ማዘር፣ ቆይ። ቆይ እንጂ። እስከ ሰኞ ብትታገሺ ፕሮፌሰሯ..."

"እስከ ሰኞ ምን?"

ቁልፉን ነካሁት። ካርታው ላይ ያሉት ነጥቦች ጠፉ፤ ወንዙ ብቻ ቀረ፤ ከዚያ እሱም ጠፋ። የሚያጽናና ነገር ግን አልነበረውም። የተዘጋው ቤቱ ነው፤ ድምፁ ቀድሞ ወጥቷል። አጠገባችን ከተቀመጡት ልጆች አንዱ እንኳ በዚያው ሰዓት እያዳመጠው ነበር።

"ፖሊስ ጋ እንሂድ" አለ ኪፕሮኖ።

"ሙቲንዳ ፖሊስ ጋ ሄዶ ነበር።"

ቦርሳዬን አንስቶ አቀበለኝ። ከዚያ እንደ ትልቅ ሰው "መኪና የማገኘው አክስቴ ከሥራ ስትወጣ ነው" አለ። "አንቺ አሁኑኑ ሂጂና ይዘሻት ነይ። እኔ ከከተማው መግቢያ፣ ምሎሎንጎ ላይ እጠብቃችኋለሁ። ንጎንግ፣ አክስቴ ቤት ትገባለች፤ እዚያ ካምባ የሚባል ሰው አይደርስም።"

በሞምባሳ መንገድ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ይዤ ወረድኩ። አሸዋ የጫኑት ገልባጮች ከፊት ለፊታችን ሽቅብ ይመጣሉ፤ ጭነታቸው ገና እርጥብ ነው፤ ከኋላቸው ውሃ ይንጠባጠባል። ወትሮ ሳያቸው እናደድ ነበር። ያን ቀን ግን እያንዳንዱን ሹፌር ፊት ለፊት እያየሁ፣ ይህ ይሆን? ይህስ ይሆን? እያልኩ ነበር። የገጨውን ሰው ስም አላውቅም። ንዱኩን ስሙን እንዳትነግረኝ ለምኜ ነበር፤ ያኔ ጥንቃቄ መስሎኝ።

ከአስፋልቱ ወርጄ ሞተር ያዝኩ። ባለ ሞተሩ ቀጭን ሰው ነው፤ የአንገት ልብሱን እስከ አፍንጫው ጠምጥሟል።

"ወዴት ነሽ?"

"ድልድዩ ጋ።"

"ንዱኩ ቤት?" አለና ሞተሩን አስነሳ። "ዛሬ ንዱኩን የሚፈልግ በዛ።"

ከኋላው ሆኜ ትከሻውን ያዝኩ። "ማን ፈለጋት?"

"አንድ ፒክአፕ ነው። ሁለት ሰዎች ናቸው። ገበያ ሄዳለች አልኳቸው።"

"ሄዳለች?"

"እኔ ምን አውቄ! ሰው እንደዚያ ሆኖ ሲጠይቅ እንደዚያ ነው የሚባል።"

ንዱኩ ሻይ ቤቷ ውስጥ ነበረች። ምጣዱ ላይ ቻፓቲ ታገላብጣለች። አግዳሚዎቹ ባዶ ናቸው። የጋገረችው ከፍ ብሎ ተከምሮ በጨርቅ ተሸፍኗል። ስታየኝ አልሳቀችም፤ አልተገረመችምም።

"ዛሬ ማንም አልበላም" አለችኝ። "ጠራሁ፤ ተጣራሁ። ገልባጮቹ ፊት ለፊቴ እያለፉ አንድ እንኳ አልቆመም። እንደ ለቅሶ ቤት ሸሹኝ። ምንድነው ልጄ?"

"እማማ፣ ድምፅዎ ወጥቷል።"

"የቱ ድምፄ?"

"የቀዳሁት። ሳይለወጥ፣ እንዳለ።"

ቻፓቲውን ገለበጠችው። "ለወጥኩት ብለሽኝ አልነበር? አሰምተሽኝ አልነበር? እኔስ 'ይቺማ ጉንፋን የያዛት አህያ ናት' ብዬ ስቄ አልነበር?"

"ለአንዱ ቤት የሰጠሁት ተለውጧል። ለሁለተኛው ግን..."

"ስንት ቤት ነው ያለሽ አንቺ?"

"ሁለት።"

"ሁለት ቤት ያላት ሴት አንደኛው በሯ ሁልጊዜ ክፍት ነው" አለች። አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ናይሮቢ ልወስዳት እንደመጣሁ፣ ምሎሎንጎ ላይም መኪና እንደሚጠብቀን ነግሬያት ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት እጇን አነሳችብኝ። "እሱን ናይሮቢ ትይኛለሽ። አሁን ጊዜ የለንም። ሰዎቹ መጥተው ነበር?"

"በፒክአፕ። ገበያ ናት ተብለው ሄደዋል።"

"እንግዲያ ገበያውን ዞረው ይመለሳሉ።"

ሽርጧን ፈታች። ከአልጋዋ ሥር ያወጣችው አንድ ፌስታልና የወንድሟን ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ሙቲንዳ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ይህን በቅጂው ውስጥ አልተናገረችም፤ እኔም አላስገባሁትም። እሳቱን ላጠፋ ስል ያዘችኝ።

"ተዪው። ጭስ ካዩ አለች ይላሉ።"

ከዚያ በሩ ላይ ቆም ብላ አሰበች። "ከዚህ እስከ ምሎሎንጎ ድምፄን የማያውቅ ሹፌር የለም። ረዳቱም ያውቀኛል፤ ዓይኑን ጨፍኖ። መልኬን ግን ማን አይቶታል? ሲበሉ የሚያዩት ሳህኑን ነው።" ጥጥ ፈልጋ በጉንጯ ወተፈች፤ ሌሶዋን፣ ትከሻዋ ላይ የጣለችውን ጨርቅ፣ አውልቃ ከአገጯ እስከ አናቷ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። ግማሽ ፊቷ ተሸፈነ። "ጥርስ ተነቅያለሁ" አለች በጥጡ ውስጥ። "ከዚህ በኋላ እኔ አልናገርም። ምንም ቢመጣ፣ ለኔም አንቺ ነሽ የምትናገሪ። በደንብ ዋሺ።"

ባለ ሞተሩ ሁለታችንን ከኋላው አስቀመጠን። አንድም ጊዜ ዞሮ አላያትም። አስፋልቱ ጋ ሲያወርደን "ይቺን ሴትዮ አላውቃትም" ብሎ ለራሱ አጉተመተመና ዞሮ ሄደ።

የመጣልን ማታቱ ሞልቶ ነበር። ረዳቱ ሰው አጠጋግቶ ከመጨረሻው ወንበር ፊት ለፊት አስቀመጠን። ቢጫ ኮፍያ ያደረገ፣ አፉ የማያርፍ ወጣት ነው። ንዱኩን መስኮቱ ሥር አድርጌ እኔ መተላለፊያው በኩል ሆንኩ።

"ማዘርዬ ምን ሆና ነው የታሰረችው? ልትሸሽ ነው?"

"ጥርስ ተነቅላ ነው" አልኩ።

"የት?"

"ወቴ።"

"ወቴ! ኧረ ምነው! የወቴ ጥርስ ሐኪም እኮ ምላስም ጨምሮ ነው የሚነቅል። አጎቴ ሄዶ ሲመለስ ሚስቱን በጥቅሻ ነበር የሚያዛት።" ማታቱው ሳቀ። "ማዘር፣ አሞሻል? እስቲ ራስሽን ነቅንቂ።"

ንዱኩ ራሷን ነቀነቀች።

"አይዞሽ። ዝም ያለች ሴት ዋጋ ይቀነስላት ነበር፣ ባለቤቱ እምቢ አለኝ እንጂ።"

እኔም ሳቅሁ፤ መሳቅ ስላለብኝ።

ከፊታችን የተቀመጠው ሰው ትልቅ ጫማ አድርጓል፤ ክሩ መሐል አሸዋ አለ። ጫኚ ወይም ሹፌር ነው። ትንሽ እንደሄድን ስልኩን አወጣና፣ የፈራሁትን ነገር፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከፈተው። "ሙቲንዳን የገጨውን መኪና ማን ይነዳው እንደነበር አውቃለሁ..."

ንዱኩ ጎኔ ላይ ተቀምጣ ሳለ ንዱኩ ከፊት ለፊታችን ተናገረች። የራሷን ድምፅ ስትሰማ ምን እንደተሰማት አላውቅም። እጇ ጉልበቴን ያዘኝ፤ ጥፍሯ በልብሴ በኩል ገባ።

"ይህን ሰማችሁት?" አለ ሰውዬው። "ዛሬ አገሩን ሁሉ እያመሰው ነው።"

ከኋላ አንድ ሰው "የኪቱይ ሰው ናት፤ አነጋገሯ" አለ።

"ምን ኪቱይ! የኛው ናት።"

"ቁርሱን እኔ ቤት ነው የሚበላው ትላለች። ሚስቱ ትሆን እንዴ?"

"ሚስት ሆና ባሏን? አንተ ቤት እንደዚያ ነው?"

ረዳቱ በሩን ትቶ ወደ ውስጥ ተጠጋ። "እስቲ ድገመው። ድገመው! ድምፅዋን የት ነው የሰማሁት... ቆይ፣ አፌ ላይ ነው ያለ።"

ተደገመ። እኔ ወደ መስኮቱ አየሁ፤ ውጪው ግን አልታየኝም። ልንገራችሁ የምችለው ይህን ብቻ ነው። ያን ጊዜ የምለምነው አንድ ነገር ነበር፤ ሰውዬው ዞሮ ንዱኩን "አንቺስ ምን ትያለሽ?" እንዳይላት።

ጭኗ ላይ ዶሮ ያቀፈች አሮጊት ከመተላለፊያው ማዶ ተቀምጣለች። እስከዚያ ድረስ ያንቀላፋች መስሎኝ ነበር። "እናንተ ደግሞ" አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። "ሟቹስ ንጹሕ ነበር ብላችሁ ነው? ሙቲንዳ ራሱ ሲበላ ኖሮ ነው። ከአሸዋ ነጋዴዎቹ ይቀበል ነበር። ሲካፈሉ ተጣሉ እንጂ ስለ ውሃ ማን ይሞታል?"

"እውነትዎን ነው እማማ" አለ ባለ ትልቅ ጫማው። "ለኮሚቴው ብሎ ይሰበስብና ለራሱ ቤት ይሠራበት ነበር አሉ።"

ሙቲንዳ የሞተው በጭቃ ቤት ውስጥ እየኖረ ነው። ያንን ቤት አይቼዋለሁ፤ ጣሪያው ያፈሳል። ንዱኩም አጠገቤ ነበረች። መላ ሰውነቷ ተነስቶ እንደተቀመጠ ተሰማኝ። ከጉሮሮዋ አንድ ነገር መጣ። ቃል አልነበረም፤ ቃል ሊሆን ግን ትንሽ ብቻ ቀርቶት ነበር። አንዲት ፊደል ብትጨመርበት አለቀልን።

አቀፍኳት። ራሷን ደረቴ ላይ ደፍቼ "ያማታል፣ ያማታል፣ መደንዘዣው ለቋት ነው" አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሏል። "እባካችሁ ያንን ነገር ዝጉት፣ ራሷን ነው የሚመታት!"

"ዝጋው እንግዲህ፣ ታማሚ አለች" አለችው አሮጊቷ። ይህን ያለችው ራሷ አሁን እንዲህ ያስጮኸቻት አሮጊት ናት። ቀጥላም በርኅራኄ "ጨው በሞቀ ውሃ አርጊላት ልጄ" አለችኝ።

"እሺ እማማ። እግዜር ይስጥልኝ።"

ንዱኩ ልብሴን በጥርሷ ነክሳ ይዛ ነበር። ትንፋሿ ይቃጠላል። እኔ ባሌን በቀበርኩ ሰሞን ሰዎች አጠገቤ ሆነው እንዴት እንደሞተ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። የሚያወሩት ግን የሌላ ሰው አሟሟት ይመስል ነበር። አልተናገርኩም፤ እንዳልናገር ግን የከለከለኝ ማንም አልነበረም። እሷ ግን አንድ ቃል ብታወጣ እንደሚገድሏት እያወቀች ነው የቻለችው። ይህን ለማወዳደር አይደለም የምጽፈው።

ቀና ስል ረዳቱ ያየናል።

ቀልዱ ቆሟል። እኔን አላየም፤ የሚያየው ሌሶውን ነው። ከዚያ የንዱኩን እጆች አየ፤ ጣቶቿ ላይ ዱቄት ደርቋል፤ አንጓዎቿ በምጣድ ተለብልበዋል። ስንወጣ እጇን መታጠብ አላሰብንም ነበር። አንድ ጊዜ አፉን ከፈተ። ዘጋው። ወደ በሩ ተመለሰና ጀርባውን ሰጥቶን ስልኩን አወጣ። መጻፍ ጀመረ።

ለማን እንደሚጽፍ አላየሁም። ከዚያ በኋላ እስከ ምሎሎንጎ አንድም ቀልድ አልቀለደም። ተሳፋሪ ሲያወርድ፣ ሲያሳፍር፣ ዋጋ ሲቀበል በዝምታ ነው። አንድ ሰው "ምነው አንተ፣ አንተም ጥርስህን ተነቀልክ?" አለው፤ አልመለሰለትም። በየመቆሚያው የሚከፈተው በር ልቤን አብሮ ይከፍተው ነበር። ነጭ ፒክአፕ ከኋላችን መጣ፤ አለፈን። ሌላ መጣ፤ እሱም አለፈ። በዚያ መንገድ ላይ ምን ያህል ነጭ ፒክአፕ እንዳለ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ለመውረድ አሰብኩ። የት? ሜዳ ላይ? ንዱኩን አየኋት። ዓይኖቿ ተጨፍነዋል፤ እንቅልፍ ግን አልነበረም። አውራ ጣቷ ጉልበቴ ላይ ቀስ እያለ ይመላለሳል፤ እኔን ታባብላለች።

ምሎሎንጎ ላይ መኪኖች ከሚመዘኑበት አለፍ ብሎ ማታቱው ቆመ። ኪፕሮኖን ከሩቅ አየሁት፤ ቁመቱ ነው ያሳየኝ። ንዱኩን ቀድሜ አወረድኩ። ረዳቱ በሩን ይዞ ቆሟል፤ ክንዷን ደግፎ አወረዳት። ሁለት እግሯ መሬት ሲነካ ወደ ጆሮዋ አጎነበሰ። አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁት።

"እማማ፣ በዚህ መስመር እንዳይመለሱ።"

መኪናውን መታ መታ አደረገና ተንጠላጥሎ ሄደ። ማስፈራሪያ ይሁን ምክር ያኔ አልለየሁም፤ ዛሬም አልለየሁም። ንዱኩ ቆማ ማታቱው እስኪጠፋ አየችው።

ኪፕሮኖ የአክስቱን መኪና በዝምታ ነዳ። ከተማውን አልፈን ወደ ንጎንግ ስንወጣ ብቻ በመስታወቱ አየኝና "ፕሮፌሰሯ መልሳለች" አለ። "ከሐይቅ ዳር። በጣም ደንግጣለች። የተለወጠውን ድምፅ ብቻ አድርገሽ እንደገና ብታስገቢ ለኮሚቴው እናገርልሻለሁ፣ ዲግሪው ላይቀር ይችላል ትላለች። ሰኞ መልስ ስጪኝ አለች።"

"አሁን መልስላት። አይመለስም በላት።"

"ማዘር፣ አንድ ዓመት በረዶ ውስጥ..."

"ካርታው ከተከፈተ ሰው ያንን ነጥብ እንደገና ይነካል። የተለወጠውን ሰምቶ ያልተለወጠውን ይፈልጋል። አይመለስም።"

ኪፕሮኖ ከዚያ በላይ አልተከራከረም። አንድ ዲግሪም ዲግሪ ነው ብሎ ሊያጽናናኝ እንደፈለገ አውቄበታለሁ፤ ስላላለው አመሰግነዋለሁ። ንዱኩ ከጎኔ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ሌሶውን ገና አልፈታችም።

የኪፕሮኖ አክስት ጄሮቲች ትባላለች፤ የሆስፒታል ነርስ ናት፤ ሰው ስትቀበል ብዙ አትጠይቅም። በሩን ከፍታ ንዱኩን አየቻትና በስዋሂሊ "ግቢ እህቴ፣ ቤቱ ያንቺ ነው" አለቻት። ንዱኩ እጇን ጨበጠች። አልተናገረችም። ጄሮቲች እኔን አየችኝ።

"ጥርሷን..." ብዬ ጀመርኩ፤ ከዚያ ለዚህች ሴት መዋሸት እንደማያስፈልገኝ ትዝ አለኝና አቆምኩ። "ደክሟታል" አልኩ።

ጄሮቲች ሌሶውን በራሷ እጅ ፈታችላት፤ ጥጡን ተቀበለቻት፤ ውሃ አቀረበችላት። አገጯ ሥር ማሰሪያው ቀይ መስመር አውጥቶ ነበር። "እዚህ ቤት መናገር ይቻላል" አልኳት ዝቅ ብዬ፣ በኪካምባ። "ማንም የለም እማማ። መናገር ይችላሉ።" ራሷን ነቀነቀች፤ ያው በማታቱው ውስጥ እንደነቀነቀችው። አልተናገረችም። ፌስታሉን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ይቅርታዬን ልጠይቃት ነበር፤ ናይሮቢ ትይኛለሽ ብላኝ አልነበር? ዓይኗን አይቼ ተውኩት። የምትመልስልኝ ቃል እንደሌላት ገባኝ፤ ቃል አሳጥቻት ይቅርታ መጠየቅ ደግሞ ሌላ ጭነት ነው።

ገና ሳይመሽ ራት ቀረበ። ኡጋሊ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ፣ ጎመንና የረጋ ወተት ነበር። ኪፕሮኖ ዝምታውን ሊሰብር ስለ ልጅነቱ ሩጫ አወራ፤ ውድድር መሃል አህያ ገብታ ሁለተኛ እንደወጣች። አክስቱ "ማሠልጠን የነበረብን እሷን እንጂ አንተን አልነበረም" አለችው። ማንም ብዙ አልሳቀም። ንዱኩ ጎመኑን በኡጋሊ ጠቅልላ ጎረሰች፤ አላመጠች፤ ሳህኑን ትንሽ ከፊቷ ገፋ አደረገችው።

"ጨው አንሶታል" አለች።

ድምፁ ያው ነበር፤ ወፍራም፣ መጨረሻው ላይ ሰንጠቅ የሚል። ክፍሉን ሞላው። ጄሮቲች ሳቀችና ጨው ልታመጣ ተነሳች። ኪፕሮኖ አጨበጨበ፤ "ዳኛዋ ተናገሩ!" አለ። ንዱኩም ፈገግ እንዳለች በኋላ ነገሩኝ።

እኔ አላየሁትም። ያን ጊዜ የማየው በሩን ነበር።